ሦስት ሰከንድ ለመቅረጽ ሦስት ወር፦ ከናይሮቢ የሥራ ማስታወሻ

ጥር 24፣ 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ

ጥር ለእኔ እንጀራ ነው። የቀን ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ነው፤ ናይሮቢ ያለው ሐበሻም እንደ አገር ቤቱ ጥርን ጠብቆ ይድራል። ዛሬ ሙሽሮቹን አጅበን ስንሄድ መሀላችን አንድ ማታቱ፣ የናይሮቢ ታክሲ፣ ጥልቅ አለ። ጡሩምባው የመርከብ ነው። ጎኑ ላይ የአንድ ራፐር ፊት ከጣሪያው እስከ ጎማው ተሥሏል፤ መስኮቱም አልቀረ። የእኛ ሹፌር ተሳደበ። እኔ ካሜራዬን ከሙሽራዋ መኪና አንሥቼ ወደሱ አዞርኩ።

ቤት ገብቼ ሳየው የቀኑ ምርጥ ሾት እሱ ሆኖ አገኘሁት። ሦስት ሰከንድ። ለሙሽሮቹ አይሰጥ ነገር።

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የካቲት 17 ዐቢይ ጾም ይገባል። ጾም ሲገባ ሠርግ የለም፤ እኔም እስከ ፋሲካ ቦዘኔ ነኝ። በጾሙ መሀል ደግሞ ከመጋቢት 11 እስከ 14 የሳፋሪ ራሊ፣ የኬንያው ትልቅ የመኪና ውድድር፣ ናይቫሻ ላይ አለ። ሁለት አጫጭር ፊልም ልሥራ አልኩ፦ አንዱ ስለ ማታቱ ሠዓሊዎች፣ አንዱ ስለ ራሊው። ሦስት ሦስት ደቂቃ። እናቴ እስካሁን ከእኔ የደረሳት የሰው ሠርግ ብቻ ነው።

ጥር 29

ዕቃ ቆጠራ። ሁለተኛ እጅ የገዛኋት ሶኒ፣ አንድ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ አንድ ከ18 እስከ 105 የሚያቀርብ፣ አራት ባትሪ፣ ከአራቱ አንዱ ያበጠ። ትንሽ የድምፅ መቅረጫ። አንድ እግሩ የሚንገዳገድ ትራይፖድ።

ረዳቴ የአክስቴ ልጅ ነው። ከአዲስ አበባ ከመጣ አምስት ወሩ። ካሜራ ይዞ አያውቅም፤ ግን ቁመቱ ሎጋ ነው፣ እጁም አይንቀጠቀጥም።

«ትከፍለኛለህ?» አለኝ።

«ምሳ እጋብዝሃለሁ።»

«በጾም?»

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ኢንዱስትሪያል ኤሪያ፣ የማታቱ አካል የሚሠራበት ጋራዥ። ገና በሩ ላይ የስቱኮና የቀለም ሽታው ጉሮሮ ይይዛል።

ለማያውቅ ሰው፦ ማታቱ የናይሮቢ ታክሲ ነው። ስሙ የመጣው «ታቱ» ከሚለው የስዋሂሊ ቃል ነው፣ ሦስት ማለት ነው። በጥንቱ ዘመን ሒሳቡ ሦስት ባለ አሥር ሳንቲም ነበር። ሕጋዊ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1973 በጆሞ ኬንያታ ውሳኔ ነው። ከዚህ በኋላ የኬንያን ዓመታት በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ አለዚያ እኔም እምታታለሁ። ባለ 14 ወንበሩ ያው የእኛ ሃይስ ነው፤ ዶልፊን፣ አባዱላ የምንለው። ሥዕል የሚበዛበት ግን ባለ 33 ወንበሩ ነው። እሱ የእኛ ቅጥቅጥ ማለት ነው። የአይሱዙ የጭነት ሻንሲ ይመጣና አካሉ እዚሁ በላሜራ ይሠራለታል። ሥዕሉ ያማረውን፣ ሙዚቃው የሚያደነቁረውን፣ መብራቱ ዓይን የሚያጠፋውን የሰፈሩ ልጆች «ንጋኛ» ይሉታል።

አዲስ አበባ ታክሲ ላይ ቃል ነው የሚለጠፈው፤ ስለ ፍቅር፣ ስለ ብር፣ ስለ ዱቤ። እዚህ ፊት ነው የሚሣለው። የእኛ ጥቅስ ለተሳፈረ ሰው ነው። የማታቱ ሥዕል ፌርማታ ላይ ለቆመ ሰው ነው። ልጆቹ ያላማራቸውን መኪና ባዶውንም ቢሆን ያሳልፉትና የሚወዱትን ይጠብቃሉ። ባለቤቶቹ ለቀለም ያን ሁሉ ገንዘብ የሚያፈሱት ወደው አይደለም።

ሠዓሊው ስሙን እንዳልጽፍ ጠይቆኛል። ባርኔጣውን ሁልጊዜ ወደ ኋላ ያዞራል፤ ስለዚህ ባለ ባርኔጣው እለዋለሁ። ፊቱ የቆመው መኪና ገና አንቲሩጂን ብቻ የተቀባ፣ ግራጫ፣ ራቁቱን የቆመ ነው። የመኪናው ባለቤት የራሊ እብድ ነው አሉ። አንዱ ጎን ላይ የድሮ የሳፋሪ መኪና ይሣልልኝ ብሏል፤ በ1984፣ በ85 እና በ86 በተከታታይ ያሸነፈችውን ቶዮታ ሴሊካ ቱርቦ።

ሁለቱ ፊልሞቼ በዚህች ደቂቃ ሊጣበቁ ፈለጉ። እኔ ገና እሺ አላልኩም።

ባለ ባርኔጣው በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ እየቀላቀለ ስለ 2004 ነገረኝ። ያኔ ጎማ የሚያጥብ ልጅ ነበር። የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ጆን ሚቹኪ ማታቱን ሥርዓት አስያዙ፦ ፍጥነት በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ መገደቢያ ይገጠም፣ ለተሳፋሪ ሁሉ ቀበቶ ይግባ፣ ጎኑ ላይ ቢጫ መስመር ይሠመር፣ ሥዕል ይቅር። ቀበቶውን ማን ይጠላል? ሠዓሊዎቹ ግን ሥራ ፈቱ። «አለቃዬ ፊት ይሥል የነበረ ሰውዬ፣ ዓመቱን ሙሉ ቢጫ መስመር ሲያሠምር ዋለ» አለኝ። ከአሥር ዓመት በኋላ ፕሬዝዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ሥዕሉ የወጣቶች እንጀራ ነው፣ ተዉአቸው አሉ። ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ እንዲህ የፈነዳው።

የካቲት 12

ሁለተኛ ቀን ጋራዥ። ስድስት ሰዓት ቀረጽኩ። ማታ ሳየው ሞቷል።

ምን እንደጎደለው ለማወቅ ሁለት ጊዜ አየሁት። ያለቀ ሥዕል ነው የቀረጽኩት። ጎን ቆሞ የነበረ ሌላ ማታቱ ላይ ካሜራዬን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ አድርጌ ወሰድኩ፣ ከላይ ወደ ታች ወሰድኩ። የሚያምር ነገር ነው፤ ግን ፎቶ ነው። ከመኪናው ይልቅ የፖስታ ካርድ ይመስላል።

ከሁሉም አንድ ነገር ብቻ ዓይኔን ያዘው፤ ሳላስበው የቀረጽኩት አርባ ሰከንድ። ባለ ባርኔጣው የወረቀት ፕላስተር ይለጥፋል። የመኪናውን ጠርዝ ለማውጣት መጀመሪያ በፕላስተር ይከብበዋል፣ በምላጭ ይቆርጠዋል፣ ይነፋል፣ ሌላ ይለጥፋል። ምላጩን ሲስብ ትንፋሹን ይይዛል። ፕላስተሩን ሲልጠው «ጭርርር» ይላል። በቃ። ፊልሙ እዚያ ነበር፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር።

ነገ ደውዬ ቀጣዩ ፕላስተር መቼ እንደሆነ መጠየቅ።

የካቲት 16፣ ቅበላ

አክስቴ ቤት፣ ናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር። ዶሮው ሊያልቅ ሲል ጋሼ መጡ። ጋሼ መካኒክ ናቸው፤ በ1977 ዓ.ም. ሞያሌን ተሻግረው እዚሁ የቀሩ። ስለ ሳፋሪ ስጠይቃቸው ሥጋውን ትተው ዞሩልኝ።

«አንተ ልጅ፣ አሁን ያለው እኮ ዙር ነው። ያኔ ጉዞ ነበር።»

ልክ ናቸው። ሳፋሪ በ1953 ሲጀመር ለንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ መጫን መታሰቢያ ነበር፤ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንጋኒካን ያካልል ነበር። ከ1973 እስከ 2002 የዓለም ራሊ ሻምፒዮና አካል ሆነ። መንገዱ አይዘጋም፤ ከፊት ላም ይመጣል፣ አውቶቡስ ይመጣል፣ ብስክሌት ይመጣል። ለዚያ ነው መኪኖቹ ከፓራውልታቸው ፊት ወፍራም ብረት የሚያስሩት። ሼካር ሜታ የሚባለው የኬንያ ሰው አምስት ጊዜ አሸንፏል፤ በ1973፣ ከዚያ ከ1979 እስከ 82 አራቱን ሳያቋርጥ። ጆጊንደር ሲንግ ሦስት ጊዜ፤ የመጀመሪያውን በ1965 በቮልቮ። ከ2002 በኋላ ውድድሩ ከዓለም ሻምፒዮናው ወጣ። በ2021 ሲመለስ ማዕከሉ ናይቫሻ፣ መንገዱም ዝግ ሆነ።

«የፈረንጅ ፋሲካ ነው የሚሮጠው» አሉ ጋሼ። «እኔ ገና የመጣሁ ሰሞን፣ እኛ ጾም ላይ ነን። መንገድ ዳር ቆሜ ያቺን ሴሊካ አየኋት። አየኋት ስልህ፣ አላየኋትም። አቧራዋን ነው ያየሁት።»

የባለ ባርኔጣውን ንድፍ በስልኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አወጡ። ረጅም ጊዜ አዩና «ይቺ ራቁቷን ናት» አሉ። «የፊት ብረቷ የት ሄደ? አየር የምትስብበት ቱቦስ? ውኃ ስታቋርጥ በምን ልትተነፍስ ነው? የሳሎን መኪና አደረጋት እኮ።»

ቅር ሲላቸው ስለ ዘመድ የሚያወሩ ነው የሚመስለው። ለባለ ባርኔጣው እነግረዋለሁ አልኩ። «ንገረው፤ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ተቆጥቷል በለው» አሉኝ።

የካቲት 21

ነገርኩት። ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወና ፎቶ ፈለገ። ጋሼ ትክክል ናቸው። ፕላስተሩን ልጦ የመኪናውን ፊት በካርታቬትራ አጠፋውና እንደገና ጀመረ። እኔ ምስጋና ለጋሼ፣ አሁን ሙሉ የፕላስተር ትዕይንት አለኝ፤ መጥፋቱም መሠራቱም።

ሁለት የቴክኒክ ራስ ምታት።

አንደኛ፣ መብራት። ንጋኛ ውስጥ ያለው ኤልኢዲ በዓይን ሲታይ ዝም ያለ ነው፤ በካሜራ ግን ይርገበገባል፣ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ይወርዳል። መብራቱ በእርግጥም በፍጥነት እየጠፋ እየበራ ስለሆነ ነው። የቤት መብራት ሲሆን ሹተሩን፣ ካሜራው ለብርሃን የሚከፈትበትን ጊዜ፣ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ አድርጎ መገላገል ይቻላል። የማታቱ ግን የራሱ ምት አለው፤ እየሞከሩ መፈለግ ነው። 1/60 ላይ ጋብ አለልኝ።

ሁለተኛ፣ ሙዚቃ። ንጋኛ ያለ ሙዚቃ ንጋኛ አይደለም። ግን የሚጫወተው ሁሉ ባለቤት ያለው ዘፈን ነው፤ ፊልሙን ኢንተርኔት ላይ በጫንኩ በሰዓቱ ድምፁ ይዘጋል። ስለዚህ ሙዚቃ የሌለበትን ድምፅ መሰብሰብ ጀመርኩ። ማካንጋው፣ ማለትም ወያላው፣ ከሹፌሩ ጋር በአፍ አያወራም። በሩን በመዳፉ ይመታል። አንድ ምት፣ ቁም። ሁለት ምት፣ ሂድ። በሳንቲም የመስኮቱን ብረት የሚያንኳኳም አለ። ተሳፋሪው «ሹኪሻ» ይላል፣ «ወራጅ አለ» እንደማለት። ይሄን ሁሉ ለብቻው ቀዳሁት። የአክስቴ ልጅ ሁለት ቀን ሙሉ የቤቱን በር እየመታ አስለቀሰን።

የካቲት 23

ዓድዋ። ምንም አልሠራሁም።

መጋቢት 3

ልምምድ። ቲካ ሮድ ድልድይ ላይ ቆመን የሚያልፉ ማታቱዎችን እየተከተሉ መቅረጽ። ጋሼ ያሉትን በቁጥር አሰላሁት፦ መኪና በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በሰከንድ 42 ሜትር ያህል ይሄዳል። ፊት ለፊቴ 120 ሜትር መንገድ ቢታየኝ፣ ሦስት ሰከንድ የማትሞላ ጊዜ ነው ያለችኝ። ካሜራው ፎከስ እስኪይዝ መኪናው ሌላ ወረዳ ገብቷል።

መላው ቀላል ነው፤ ግን እጅ ይፈልጋል። ፎከሱን ቀድሞ በእጅ መንገዱ ላይ ያለ አንድ ድንጋይ ላይ መቆለፍ። ሹተሩን 1/50 ላይ መተው። የቀኑ ብርሃን ስለሚበዛ ኤንዲ ፊልተር፣ ለሌንሱ የፀሐይ መነጽር ማድረግ ማለት ነው። እግርን ወደ መጨረሻው ቦታ አዙሮ ተክሎ፣ ወገብን ወደ መጀመሪያው መጠምዘዝ፤ መኪናው ሲመጣ ወገቡ ራሱ ይፈታል። እንደዚህ ሲሆን መኪናው ጥርት ይላል፣ ከኋላው ያለው ዓለም ይቀልጣል። የአክስቴ ልጅ በአሥረኛው ሙከራ ያዘው። እኔ በሠላሳኛው። ስለዚህ አላወራም።

ድሮንን ረሳሁት። ያለ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው፤ የፈቃዱ ዋጋና ወረፋ ደግሞ ከእኔ አቅም በላይ ነው። የቀረጻ ፈቃዴን ግን ጨርሻለሁ። አንድ ቢሮ ውስጥ ሦስት ጊዜ «ነገ» ተብያለሁ፤ አገሬን እንዳልናፍቅ ይሆናል።

መጋቢት 12፣ ዓርብ፣ ኬዶንግ

ናይቫሻ ከናይሮቢ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቁልቁለቱን ወርደን ስምጥ ሸለቆው ሲከፈት የአክስቴ ልጅ «ዝዋይ!» አለ። እውነቱን ነው። ያው ግራር፣ ያው ሐይቅ፣ ያው የአበባ እርሻ ፕላስቲክ። ሸለቆውም ያው ነው፤ እኛ ጋ የጀመረው እዚህ ድረስ መጥቷል።

የሄድነው በማን እንደሆነ ልንገራችሁ። በእኛዋ ማታቱ! ባለቤቷ ለራሊው ተሳፋሪ ጭኖ «ቫሻ» ሲል፣ ናይቫሻን ማለቱ ነው፣ አብረን ተለጠፍን። ሴሊካዋ በጎኗ ላይ አለቀች፤ የፊት ብረቷም፣ የአየር ቱቦዋም። መንገዱ በሙሉ ጭስ ማውጫቸውን ባስጮሁ ሱባሩዎች ተሞልቷል።

ኬዶንግ ላይ አፈሩ አፈር አይባልም። «ፌሽ ፌሽ» ይሉታል። እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ ነው፤ እግር ሲገባበት አይሰማም። ካሜራዋን በዳቦ ላስቲክ ጠቅልዬ ሌንሱ ጋ በጎማ አሰርኩት። ሌንስ እዚህ መቀየር እብደት ነው፤ ጠዋት የተገጠመው እስከ ማታ ይቆያል። የቆምነው ከኩርባው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ከኩርባው ውጭ በኩል ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ግን መኪና መንገድ ስቶ ሲወጣ የሚወጣው ወደዚያ ነው። አንድ የመንገድ ጠባቂ እዚያ የቆሙትን በፉጨት ሲያባርር አየሁት፤ ተመልሰው መጡ፤ እንደገና አባረራቸው።

አመጣጡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሄሊኮፕተር። ከዚያ የጠባቂዎቹ ፉጨት፣ ከሩቅ ወደ ቅርብ እየተቀባበለ። ከዚያ ሰው ዝም ይላል፤ ሽንኩርት የሚከትፈው ሰውዬ እንኳን ቢላውን አቆመ። ከዚያ የሞተር ድምፅ፣ ያላለቀ ሳል የመሰለ። ከዚያ መኪናው። አለ፣ የለም። ከዚያ አቧራው ይመጣና ሁላችንንም ይውጠናል፤ እልልታና ሳል አንድ ላይ።

የመጀመሪያዎቹን አምስት መኪኖች ቀረጽኩ። ሁለቱ ፎከስ የላቸውም፣ አንዱ ግማሽ ነው። ከስድስተኛው ጀምሮ ካሜራዬን ከመንገዱ አዞርኩ። ፉጨቱን ሲሰሙ አንገታቸውን የሚያሰግጉ ሰዎች፣ ጆሮዋን የያዘች ልጅ፣ አቧራው ሲመጣ ኮቱን ጥብሱ ላይ የሚከድን ሰው። ጥብስ ያልኩት ኒያማ ቾማ የሚሉትን ነው። እኔና የአክስቴ ልጅ ሽሮና ዳቦ ይዘናል። የጥብሱ ጭስ ወደኛ ነው የሚነፍሰው። ከዚህ የባሰ የጾም ፈተና ገጥሞኝ አያውቅም።

ከሰዓት ወደ ማታቱ ተመለስን። የለችም! ማለቴ አለች፣ ግን ሥዕሏ የለም። ሴሊካዋ፣ ቀለሙ፣ የሁለት ሳምንት ፕላስተር፣ ሁሉም አቧራ ለብሶ አንድ ዓይነት ቡኒ ሆኗል። ከኋላ መስታወቱ ላይ አንድ የመንደሩ ልጅ በጣቱ መኪና ይሥላል። ሁለት ክብ፣ አንድ ጣሪያ፣ ከኋላዋ የተቆለለ ክብ ክብ። አቧራ መሆኑ ነው። በአቧራ ላይ አቧራ።

የእኔ ባትሪ አልቋል። የአክስቴ ልጅ በስልኩ ቀረጸው። ስልኩን በአግድም ሳይሆን አቁሞ። አቁሞ!

መጋቢት 13

የዛሬው ስህተት የማንም አይደለም፣ የሁለታችንም ነው። የውድድሩን ሠንጠረዥ የያዘው እሱ ነው። ከጠዋቱ ስምንት ሰዓት አካባቢ የተባለውን ስምንት ሰዓት ብሎ ያዘው፤ በእኛ አቆጣጠር ማለት ነው፤ ከምሳ በኋላ። ተኝተን አረፈድን። የሚያናድደው ስዋሂሊም እንደኛው በአንድ ሰዓት ነው ቀኑን የሚጀምረው። ከባለ ባርኔጣው ጋር ስንቀጣጠር አንድም ቀን ተሳስተን አናውቅም። ያሳሳተን የራሊው ወረቀት ነው።

የከሰዓቱን ዙር ከሩቅ አየን። አልጽፍም።

መጋቢት 14፣ ሄልስ ጌት

የመጨረሻው ቀን። ገደሉ ቀይ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ የሞተሩ ድምፅ ይመለስበታል። ድምፅ ብቻ ቀዳሁ። አሸናፊው ዌልሳዊው ኤልፊን ኢቫንስ በቶዮታ፤ ሁለተኛውን ኦት ታናክን ከአንድ ደቂቃ በላይ ቀድሞ። ከ2021 ጀምሮ እዚህ ከቶዮታ ሌላ ያሸነፈ የለም፤ ኦዢዬ፣ ሮቫንፔራ፣ እንደገና ኦዢዬ፣ እንደገና ሮቫንፔራ፣ አሁን ኢቫንስ። ለጋሼ ስደውልላቸው «አዲስ ነገር ንገረኝ» አሉኝ።

መጋቢት 22

ኤዲት። የማቀናበሪያ ፕሮግራሜ ዳቪንቺ ሪዞልቭ፣ ነጻው። ላፕቶፔ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ማታ ማታ ብቻ ነው የምሠራው።

የራሊው ፊልም አልሆነም። መኪናው ያለበትን ሁሉ ባስቀምጥ ከቴሌቪዥኑ ጋር ነው የምወዳደረው፤ እነሱ ሄሊኮፕተር አላቸው፣ እኔ የዳቦ ላስቲክ። ለሦስት ቀን ታገልኩ። በአራተኛው ቀን መኪናዎቹን ሁሉ ከፊልሙ አወጣኋቸው። አንድም አልቀረም። የቀረው ፉጨት፣ ዝምታ፣ አንገት ማስገግ፣ ድምፅ፣ አቧራ። መኪና የሌለበት የመኪና ውድድር። ፊልሙ ተነፈሰ።

ሚያዝያ 2

የማታቱውም ፊልም እንደዚያው ሆነ። ያለቀውን ሥዕል አወጣሁት። ፕላስተር፣ ምላጭ፣ ትንፋሽ፣ «ጭርርር»፣ የጋሼ ቁጣ በድምፅ ብቻ፣ ካርታቬትራ፣ እንደገና ፕላስተር። ሥዕሉ ተገልጦ የሚታየው አንድ ጊዜ ነው፤ መንገድ ላይ፣ በሩጫ። ሦስት ሰከንድ። ፌርማታ ላይ የቆመ ሰውም ከዚያ በላይ አያየውም።

አንድ የምቆጨው ነገር አለ። በ2012 ናይሮቢ መሀል ከተማ በቦኒፌስ ምዋንጊ አስተባባሪነት ፖለቲከኛን እንደ ጥንብ አንሣ አድርገው ግድግዳ ላይ የሣሉ ልጆች ነበሩ። ያን ታሪክ ላስገባ ብዬ ሁለት ቀን አባከንኩ። ግሩም ታሪክ ነው፤ ግን ግድግዳ ነው። ግድግዳ አይሄድም። አወጣሁት።

የስልኩ ቪዲዮ ደግሞ ቆሞ ቀረ። ሁለቱንም ጎን ጥቁር ብተወው አስቀያሚ ነው፤ ብቆርጠው የልጁ ጣት ይጠፋል። በመጨረሻ ለብቻው፣ እንደቆመ፣ የአንድ ደቂቃ ሦስተኛ ፊልም አደረግሁት። ለስልክ የተሠራ ይመስላል። ድምፁ ማካንጋው በሩን ሲመታ ነው። የልጁ ፊት አይታይም፣ ጣቱ ብቻ ነው፤ እንደዚያ መሆኑ ደስ ይለኛል።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ዘንድሮ የፈረንጁም የእኛም ፋሲካ በአንድ ቀን ዋለ። አክስቴ ቤት ሦስቱንም በቴሌቪዥኑ አሳየሁ። አክስቴ በመጀመሪያው «ደስ ይላል ልጄ» አለችኝ፣ በሁለተኛው ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ጋሼ የራሊውን እስከ መጨረሻው አዩት። ሲያልቅ ዝም አሉ። ከዚያ «መኪናውስ?» አሉኝ።

«የለም ጋሼ። አወጣሁት።»

«እንግዲያ በደንብ አድርገህ ነው የቀረጽከው» አሉና ዶሮውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ያሾፉብኝ ይሁን ያመሰገኑኝ እስከ አሁን አልገባኝም።

ሚያዝያ 17

ባለ ባርኔጣው ደወለ። ማታቱዋን ሌላ ማታቱ ጎኗን ፍቆት ሄዷል፤ በሴሊካዋ መሀል። ባለቤቱ ለጥገና ብቻ አላወጣም፣ ሁሉንም ቀይሩልኝ ብሏል። ማክሰኞ ሥዕሉን በካርታቬትራ ማጥፋት ይጀምራሉ።

«ትመጣለህ?» አለኝ።

«በስንት ሰዓት?»

«ሳ ሞጃ።»

አንድ ሰዓት። ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ተጀምሯል፤ ሰኞ ማታ መልስ አለብኝ፣ እስከ ሌሊት ያስጨፍሩኛል። ያበጠውን ባትሪ ጥዬ አዲስ ገዛሁ። አራቱም ቻርጅ ላይ ናቸው።